የድሮ ባልደረቦቻችንን መቃብር እየፈለግን ነው፣ እንዴት እናግኛቸው? እንዴትስ እንንከባከባቸው?

ጡረተኛው_ሳጅን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጡረታ የወጣን ፖሊሶች ነን፣ አምስት ሆነን አንድ ሥራ ጀምረናል፣ አብረውን ያገለገሉና ከኛ በፊት የነበሩ ባልደረቦች የት እንደተቀበሩ እየፈለግን ነው። ነገሩ የተነሳው የአንድ ጓደኛችንን ቀብር ሸኝተን ስንወጣ ነው፣ መውጫው ላይ ግማሹ ሣር የዋጠው ሐውልት አየንና ጠጋ ብለን ስናነበው ማሠልጠኛ ያስተማረን ሰውዬ ሆኖ አገኘነው። ማንበብ ስል ደግሞ በዓይን አይደለም፣ ስሙን በጣታችን እየዳሰስን ነው የለየነው። በዛ ሰውዬ ፊት ቀጥ ብለን የቆምን ሰዎች ነን እኮ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ራት አልበላልኝም።

አሁን 34 ስም ይዘናል፣ መቃብራቸውን ያገኘነው ግን የ9ኙን ብቻ ነው። ቤተሰቡ የማይታወቅ ሰው በምን ይገኛል? ሌላው ደግሞ ያገኘናቸውን በምን እናጽዳ፣ አንዱ ጓዳችን በበረኪና ፈትገን እናንጣው ይላል፣ እኔ ግን እጄ አልሄደልኝም።

መዝገብ_ቤት፦

ሳጅን እግዜር ያክብርልኝ፣ እኔ ማህደር ክፍል ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ብዙ ሰው በስም መፈለግ ይጀምርና እዛው ይቀራል። ስም አያስተማምንም፣ ሀይሉ እና ኃይሉ ለኔና ለእርስዎ አንድ ሰው ነው፣ ኮምፒውተር ግን ሁለት አድርጎ ነው የሚያየው፣ በእጅ የተጻፈ መዝገብ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው ጆሮው እንደሰማው ነው የሚሞላው። ስለዚህ ከስሙ በፊት መለያ ቁጥሩን ያግኙ።

ከሥራ ማህደር ይልቅ ደግሞ የጡረታ ማህደር ይሻላል። የሥራው ሰውየው በተሰናበተ ቀን ይዘጋል፣ የጡረታው ግን እስኪሞት አብሮት ነው የሚሄደው፣ ክፍያው የቆመበት ወር እዛ አለ፣ ለሚስት ወይም ለልጅ ከተላለፈም ማን እንደተቀበለ ተጽፏል። ብቻ ሄዳችሁ ማህደሩን ስጡን እንዳትሉ፣ የሰው የግል መረጃ ነው አይሰጧችሁም፣ መስጠትም የለባቸውም። ለቤተሰቡ ደብዳቤ ጽፋችሁ ይህን አድርሱልን በሏቸው፣ ይሄኛውን እምቢ የሚል ብዙም አላየሁም።

የሞተበትን ወር ካወቃችሁ ሥራው ቀለለ፣ የመቃብር መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ተራ ስለሚጻፍ ጥቂት ገጽ ማንበብ ነው። ሐውልቱ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ከሱ አንድ ቀን በፊትና አንድ ቀን በኋላ የተቀበሩትን ሰዎች ስም ያዙ፣ በተራ በሚቀበርበት ቦታ የነሱ ድንጋይ ከተገኘ የናንተ ሰው መሀላቸው ነው።

አዲስ_ገብ፦

በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። ግን ለምን በሥራ ላይ ሕይወታቸውን ከሰጡት አትጀምሩም? ለነሱ የተዘጋጀ ስም ዝርዝር ስላለ ይቀላል ብዬ ነው።

ጡረተኛው_ሳጅን፦

ወንድሜ ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ግን እኛን ያሳሰበን የሌሎቹ ነገር ነው። በሥራ ላይ ለወደቀ ሰው ዓለም ሁሉ ሐውልት ይሠራል፣ ዋሽንግተን ያለው የፖሊሶች መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1991 ተመርቆ ከ20 ሺህ በላይ ስም ተቀርጾበታል፣ ለንደን በ2005፣ ካንቤራ በ2006 የየራሳቸውን አቁመዋል፣ ይገባቸዋልም። የወታደር መቃብር ደግሞ ጠባቂ አለው፣ የእንግሊዞቹ የጦር መቃብር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ እስከዛሬ ሣሩን እያጨደ ድንጋዩን እየተካ ነው። 30 ዓመት ሌሊት ሲዞር ኖሮ ጡረታ ወጥቶ አልጋው ላይ የሞተ ፖሊስ ግን የትኛው ዝርዝር ላይ ነው ያለው? የትም። አስተማሪያችን ያረፈው እንደዛ ነው፣ ልጆቹ ርቀው ከሄዱ ከኛ በቀር ማን ያስታውሰዋል።

የሻምበል_ልጅ፦

አባቴ ፖሊስ ነበር። እንደናንተ ዓይነት ሰዎች መኖራቸውን ሳይ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፣ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቤተሰብ ፈልጉ። የአባቴ ሐውልት ላይ ማዕረግ የለም፣ ረስተን አይደለም፣ እናቴ ናት አይጻፍ ያለችው፣ በሱ ሥራ ምክንያት ቂም የያዙ ሰዎች ስለነበሩ መቃብሩን እንዳያፈርሱት ፈርታ። እኛ አሁን ቢጻፍ ደስ ይለናል፣ ሌላው ቤተሰብ ግን አሁንም ላይፈልግ ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ፎቶና ትክክለኛ ቦታ ስትለጥፉም እንደዚሁ ጠይቁ። አይ ካሉም እሺ በሉ፣ ሣሩን ማጨድ ማንንም አያስቀይምም፣ የመቃብር ቦታው ኃላፊዎች ይወቁት እንጂ።

ድንጋይ_ጠራቢ፦

ሳጅን እጅዎ እምቢ ማለቱ ልክ ነው፣ በረኪናውን ቤት ተዉት። ድንጋይ ውሃ ይጠጣል፣ በረኪናውም አብሮ ይገባል፣ ውሃው ሲደርቅ ጨዉ ውስጥ ይቀርና እየጠጠረ ፊቱን ከውስጥ እየገፋ ይልጠዋል። በፈተጋችሁት ሰሞን ነጭ ሆኖ ያምራል፣ ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ኮምጣጤና ሎሚም አይሆንም፣ እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ አሲድ ሲነካቸው ይሟሟሉ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ፊደሉ ነው። የሽቦ ብሩሽ፣ በግፊት የሚረጭ ማሽን፣ እነሱም ይቅሩ።

ንፁህ ውሃ በብዛት ያዙና መጀመሪያ ድንጋዩን በደንብ አርጥቡት፣ ደረቁን በጭራሽ እንዳትፈትጉ። ከዛ በለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ ሂዱ፣ ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ቆሻሻ ደረቁ ላይ መስመር ይሠራል፣ ያ መስመር ደግሞ አይለቅም። ድንጋዩ ላይ የሚበቅለው ሽበት ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ በእንጨት ስንጣሪ ይነሳል፣ እምቢ ያለውን ተዉት። አሜሪካኖቹ የወታደር መቃብር ላይ ዲ 2 የሚባል አሲድም በረኪናም የሌለበት ፈሳሽ ይጠቀማሉ፣ ካገኛችሁ ቀብታችሁ መሄድ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ሽበቱን ራሱ ያስለቅቀዋል። በቃ፣ በየወሩ አትጠቡት፣ መታጠብ በራሱ ድንጋይ ይበላል።

ለማንበብ ብላችሁ ደግሞ ኖራ ወይም ዱቄት ወይም የመላጫ አረፋ እንዳትቀቡ። አንድ ሰው ትልቅ መስታወት ይያዝና የፀሐዩን ብርሃን ከጎን ያብራበት፣ ጥላው ፊደሉን ያወጣዋል፣ ያኔ ፎቶ አንሱ።

መዝገብ_ቤት፦

ስለ ፎቶው ልጨምር፣ የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት ሆኖ እንኳ ወደ 5 ሜትር ይስታል፣ ዛፍ ሥር ከሆነ ይብሳል፣ 5 ሜትር ውስጥ ስንት መቃብር እንዳለ ታውቃላችሁ። ግራና ቀኙን፣ ከኋላ ያለውንም ሐውልት አብራችሁ አንሱ፣ ክፍሉን ረድፉን ቁጥሩን ደብተር ላይም ጻፉ፣ ስልክ ይጠፋል።

ጡረተኛው_ሳጅን፦

ተባረኩ፣ በረኪና ያለውን ጓዳችንን ቁጭ አድርጌ አነበብኩለት፣ ቅዳሜ በባልዲ ውሃ ተሸክሜ የምመጣው እኔ ነኝ ብሏል። የአስተማሪያችንን ሴት ልጅም በድሮ ጎረቤት በኩል አገኘናት፣ ስልክ ላይ ስሙን ስጠራላት ብዙ ጊዜ ዝም አለች፣ ከዛ እኔም እመጣለሁ አለች፣ ማዕረጉም ይጻፍ ብላለች። አንድ የቀረ ነገር፣ ሐውልቱ ወደ ፊት ዘሟል፣ አምስታችን ሆነን ብናቀናው ምን አለው?

ድንጋይ_ጠራቢ፦

ሳጅን አይሆንም። ቁመቱ 1 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲም፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲም የሆነ ግራናይት 160 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ተንሸራቶ እግር ላይ ካረፈ እግር አይተርፍም፣ በእናንተ ዕድሜ ደግሞ አጥንት ቶሎ አይጠግንም። ፊት ለፊቱ ማንም አይቁም፣ ልጅቷም ጭምር። ከጎኑ ሆናችሁ በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፣ ከተነቃነቀ ብሩሽ እንኳ አታስነኩት፣ ሣሩን ብቻ አጭዳችሁ ፎቶውን እዚህ ለጥፉልኝ፣ መሠረቱን ሳየው ምን እንደሚያስፈልገው እነግራችኋለሁ።