በቴኔሪፍ የፈረምነው የዕረፍት ክለብ ውል ይሰረዛል?

ጠያቂ (ፍራንክፈርት)፦
እኔና ባለቤቴ ለዕረፍት ወደ ስፔኗ ደሴት ቴኔሪፍ ሄደን ሳለ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቁሞን «ዕጣ ወጥቶላችኋል» ብሎ ሆቴል ወሰደን። ግማሽ ቀን ሙሉ ስለ ዕረፍት ክለብ (ከፍሎ አባል የሆነ ሰው ማረፊያ በቅናሽ ስለሚያገኝበት ማኅበር) ሲያግባቡን ዋሉ፤ በመጨረሻ ሲታክተን የአምስት ዓመት አባልነት ፈረምን። 1,200 ዩሮ ቀብድ በካርድ ወሰዱ፤ ቀሪው እነርሱ ባመቻቹት ብድር የሚከፈል ነው። ቤት ገብተን ስናሰላው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ከፈረምን ሁለት ሳምንት አልሞላም። ስንደውል «ውሉ እንደማይሰረዝ ፈርማችኋል፤ ቀብድም አይመለስም» አሉን። እውነት ነው? ባለቤቴ እንቅልፍ አጥታለች።

መልስ (ሮም)፦
አይዟችሁ። ደጋግማችሁ ደውሉና ኃላፊውን አነጋግሩ፤ በመግባባት ያልቃል።

መልስ (ስቱትጋርት)፦
በስልክ መነጋገሩ ነው የሚጎዳችሁ፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እንመልስላችኋለን» እያሉ ቀኑን ያሳልፉባችኋል። ወንድሜ፣ ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቆይ የዕረፍት ክለብ አባልነትንም ሆነ የማረፊያ ቤትን በየዓመቱ በተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት የሚሸጥ ውልን ይመለከታል። ከተፈረመበት ወይም የውሉ ቅጂ ዘግይቶ ከደረሳችሁ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀናት ውስጥ ምንም ምክንያት ሳትሰጡ ከውሉ መውጣት ትችላላችሁ። መቀጫ የለውም። «አይሰረዝም» የሚለው አንቀጽ ብትፈርሙበትም አያስራችሁም፤ ሸማቹ ይህን መብት መተው አይችልም።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ቀብዱ ነው። በእነዚህ 14 ቀናት ውስጥ ቀብድም ሆነ ዋስትና መቀበል፣ በካርድ ላይ ገንዘብ ማስያዝም ጭምር ክልክል ነው። ስለዚህ ሕጉን የጣሱት እነርሱ ናቸው። ብድሩን ያመቻቹት ራሳቸው ከሆኑ ውሉ ሲፈርስ የብድሩ ውልም ያለ ወጪ አብሮ ይፈርሳል።

ደብዳቤ ዛሬውኑ ጻፉ። የውሉን ቁጥርና የተፈረመበትን ቀን ጠቅሳችሁ «ከዚህ ውል ወጥቻለሁ፤ የከፈልሁት ይመለስልኝ» ማለት ይበቃል። ውሉ በተጻፈበት ቋንቋ ይሁን። በአደራ ደብዳቤ ላኩት፤ ቅጂውን በኢሜይል ጨምሩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አስቀምጡ። የሚቆጠረው የተላከበት ቀን ነው፤ ለእነርሱ ዘግይቶ ቢደርስ ችግር የለውም። ለአበዳሪውም አሳውቁ። የከፈላችሁት በክሬዲት ካርድ ከሆነ ባንኩ ክፍያውን እንዲያስመልስላችሁ አመልክቱ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከወረቀቶቹ መካከል የመሰረዣ ቅጽ የሚባል አላገኘሁም። ያለ እርሱ ይሆናል?

መልስ (ስቶክሆልም)፦
ይሆናል፤ እንዲያውም ይጠቅማችኋል። ሻጩ ቅጹን ሞልቶ ከውሉ ጋር መስጠት ግዴታው ነበር። ካልሰጠ የመውጫው ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ከ14 ቀን ይራዘማል። ቅጹን ሰጥቶ አስፈላጊውን የጽሑፍ መረጃ ካጓደለ ደግሞ ሦስት ወር ከ14 ቀን ነው። ይህን ግን እንደ መጠባበቂያ ያዙት እንጂ አትዘናጉበት።

ጊዜው ያለፈባችሁ አንባቢዎችም ተስፋ አትቁረጡ። የረጅም ጊዜ የክለብ አባልነት ክፍያ በየዓመቱ በእኩል መጠን መከፋፈል አለበት። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የክፍያ ጥያቄ ሲደርሳችሁ በ14 ቀናት ውስጥ አሳውቃችሁ ያለ መቀጫ መልቀቅ ትችላላችሁ።

መልስ (ሙኒክ)፦
ኩባንያው እምቢ ካለ ጀርመን ያላችሁ ኬል ከተማ ለሚገኘው የአውሮፓ ሸማቾች ማዕከል ጻፉ፤ በሌላ የኅብረቱ አገር ካለ ነጋዴ ጋር የተፈጠረን ክርክር በነጻ ይረዳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እባካችሁ ልብ በሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ጠበቆች ነን፣ ገንዘባችሁን እናስመልሳለን» ወይም «አባልነታችሁን የሚገዛ አግኝተናል» የሚል ሰው ሊደውል ይችላል። አስቀድሞ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል። አባልነትን ለማሻሻጥ ሽያጩ ሳይፈጸም ገንዘብ መቀበል በዚያው መመሪያ ክልክል ነው። ስልኩን ዝጉት።

ጠያቂ፦
ደብዳቤውን ዛሬ በአደራ ልከናል፤ ለባንኩም አመልክተናል። መልስ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።