ዘጌ ያለች እናቴን ግፊትና ስኳር ከባሕር ዳር ሆኜ እንዴት ልከታተል?

የዘጌ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። እናቴ ግፊትም ስኳርም አለባት። እሷ ዘጌ፣ እኔ ባሕር ዳር። ለክትትል በየወሩ በጀልባ ነው የማመጣት፣ ጣና የተናወጠ ቀን ግን ፈርታ ትቀራለች። ባለፈው ወር ሁለቱንም መለኪያ ገዛሁላት። 8ኛ ክፍል የምትማር የእህቴ ልጅ ትለካትና ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ችግሩ ቁጥሩ ይዘላል። የላይኛው አንድ ቀን 162፣ በማግስቱ 131፣ ከዚያ ደግሞ 158። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ባየሁት ቁጥር እደነግጥና እደውላለሁ፣ እሷ ደህና ነኝ ትላለች። ማሽኑ ነው ወይስ አለካኩ? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ማሽኑን ከማማትህ በፊት እናትህ ምን ሲያደርጉ ቆይተው እንደሚለኩ ጠይቅ። ቡና ከጠጡ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይለፍ። ከዚያ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ እግራቸው መሬት ረግጦ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንዳቸው በልባቸው ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ማሰሪያው በልብስ ላይ አይታሰር። እየተለኩ ማውራት የለም (ይሄ ለእናቶች ከባዱ ነው)። ጠዋት መድኃኒት ሳይውጡ ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመሃል 1 ደቂቃ እረፍት። እንዲህ 7 ቀን ከለካችሁ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን ጥለህ የቀረውን አማካይ አውጣ። ቤት ውስጥ አማካዩ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ለሐኪማቸው አሳይ። መድኃኒቱን በስልክ ራስህ እንዳትቀንስ እንዳትጨምር።
ግን 180/120 አልፎ ደረት ማመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ አፍ መተሳሰር ወይም ባንድ ጎን መድከም ካለ ቴሌግራም አትጠብቁ፣ ወዲያው ወደ ሐኪም። ስኳሩ ከ70 ከወረደና ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትስጣቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማ ትለካ። ይህን ልጅቷ በቃሏ ትያዘው።

ባጃጁ፦
ለዘጌ ሰው ቡና ቀንስ ልትሉት ነው? 😂

የጎርጎራው፦
እኛም አባታችንን እንዲህ ነበር የምንከታተለው። አንድ ሐኪም ስልኩን ሰጥቶን በየቀኑ ስንልክለት ከረምን፣ ለካስ አያየውም ነበር። አልፈርድበትም፣ ስንቱን ያያል? ግን ማን እንደሚያየው፣ በየትኛው ቀን እንደሚያየው አስቀድመህ ተነጋገር። እኛ በኋላ ደብተር ገዝተን በየሳምንቱ እሁድ አንድ ፎቶ ብቻ መላክ ጀመርን፣ ያ ይሻላል። ኔትወርክ ሲጠፋም ደብተሩ አለ። የስኳር ስትሪፑን (ደም የሚነካበትን ወረቀት) ደግሞ የዕቃውን ክዳን ከፍታችሁ እንዳትተዉት፣ እርጥበት ያበላሸዋል። አባቴን አንድ ሳምንት ሙሉ በተበላሸ ስትሪፕ ስንለካው ነበር።

የዘጌ ልጅ፦
ሲስተር እግዜር ይስጥሽ። ደወልኩ። ለካ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ነው የምትለካት፣ የቡናው ሰዓት! አንዳንዴ ከአቦል በፊት፣ አንዳንዴ ከቶና በኋላ፣ ጎረቤቱም ተሰብስቦ እያወራ። ዛሬ ጠዋት ብቻዋን ቁጭ ብላ 139 ከዚያ 136 መጣ። ሰባቱን ቀን እንጨርስና እመለሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ የእናቴ ክንድ ወፍራም ነው፣ ማሰሪያው በግድ ነው የሚዞረው። ችግር አለው?

ነርሷ፦
አለው እንጂ! የጠበበ ማሰሪያ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የክንዳቸውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክተህ ማሰሪያው ላይ ከተጻፈው ሴንቲሜትር ጋር አስተያይ። ካለፈ ለዚያው ማሽን የሚሆን ትልቅ ማሰሪያ ጠይቅ። ሰባቱን ቀንም ከዚያ በኋላ ጀምሩ።