ለአንድ ሴሚስተር ጃፓን፦ ትምህርቱ በጃፓንኛ ነው፣ ኤን3 ይበቃል?

ማሂ_ካንጂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከኦክቶበር ጀምሮ ለአንድ ሴሚስተር ኪዮቶ በልውውጥ ልማር ነው። በጃፓንኛ ችሎታ ፈተና ደረጃዬ ኤን3 ነው (ከፍተኛው ኤን1፣ ዝቅተኛው ኤን5)፤ ከጃፓን ተማሪዎች ጋር ሁለት መደበኛ ኮርስ መውሰድ አስቤያለሁ። ይቻላል? ስሜንስ በካታካና (የውጭ ቃላትና ስሞች በሚጻፉበት የጃፓን ፊደል) እንዴት ልጻፈው? ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ የለንም። እንደደረስኩ የት የት መሄድ አለብኝ?

የቆሎ_ተማሪ፦ ለመደበኛ ኮርስ ብዙ ቦታ የሚጠየቀው ኤን2 ነው፤ ኤን1 የሚሉም አሉ። በኤን3 የሚቀበልሽ መምህር ካገኘሽ አንድ ብቻ ውሰጂ፣ የቀረውን ሰዓት ለቋንቋ ክፍል ተዪው።

ሰዋስዉ ለእኛ አይከብድም። ግሱ መጨረሻ ይመጣል፣ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል ቃላቱ የሚሰለፉት ልክ እንደ «ኪኖ ካታ ሆን» ነው። መጥበቅና መላላትም አዲስ አይሆንብሽም፦ «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ»፣ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር፤ የእኛው «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለያየው ማለት ነው። ጣጣው የአናባቢ ርዝመት ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ በርዝመት ትርጉም አይለይም። «ኦባሳን» አክስት ናት፤ «ባ»ን ስትስቢያት አያት ትሆናለች። «ቢሩ» ሕንፃ ነው፣ «ቢ»ን ከሳብሽው ቢራ። በጆሮ ብቻ አትተማመኚ፣ ቃል ስትመዘግቢ ርዝመቱንም ጻፊ።

ውጤት የሚያበላሸው ግን ጽሑፍ ነው። ሪፖርት የሚለካው በፊደል ቁጥር ነው፤ «2000 ጂ» ማለት 2000 ፊደል፣ ባለ 400 ካሬው ወረቀት 5 ገጽ። የሚጻፈውም በ«ዴ አሩ» (የመደበኛ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር መዝጊያ) እንጂ በ«ዴስ/ማስ» (በትሕትና ንግግር መዝጊያ) አይደለም። የጀማሪ መጽሐፎች ከ«ዴስ/ማስ» ስለሚነሱ እጅ እሱን ይለምዳል፣ ሁለቱ ሲደባለቁም ነጥብ ያስቆርጣል። ከአሁኑ በቀን አንድ አንቀጽ በ«ዴ አሩ» ጻፊ።

ብዙ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ክፍለ ጊዜ 90 ደቂቃ ነው፣ በሴሚስተር 15 ጊዜ። ሁለት ሦስተኛውን ያልተገኘ ብዙ ቦታ አያልፍም፤ ስለዚህ 6 ጊዜ ከቀረሽ አበቃ። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ ላይ የምትታደል አጭር የአስተያየት ወረቀትም ብዙ ጊዜ እንደ ስም ጥሪ ትቆጠራለች፤ ሦስት ዓረፍተ ነገርም ቢሆን ጽፈሽ ስጪ።

ሻይ_በሎሚ፦ ስሙን በተመለከተ፦ የመኖሪያ ካርድሽ (ዛይርዩ ካዶ) ላይ የሚወጣው በፓስፖርትሽ የላቲን ፊደል ነው፤ ፓስፖርቱ በምን ቅደም ተከተል እንደከፈለው ያንኑ ተከተዪ። ካታካና የሚፈለገው ለባንክ፣ ለኢንሹራንስና ለስልክ ነው። ካታካና «ል» እና «ር»ን አይለይም፣ ጠ ወደ ተ፣ ቀ ወደ ከ ይወርዳሉ፣ ሳድስም አናባቢ ይለጠፍበታል፤ «ትዕግሥት» ብትሆኚ «ቲጊሱቶ» ትባያለሽ። ትክክል የሚባል አንድ አጻጻፍ የለም፣ ግን አንዱን መርጠሽ ሁሉም ቦታ እሱኑ ጻፊ። የባንክ ሲስተም ፊደል በፊደል ስለሚያመሳክር፣ አንድ የማስረዘሚያ ሰረዝ ብትጎድል የስኮላርሺፕ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል።

መንገዱ፦ ካርዱን ካንሳይ ኤርፖርት ይሰጡሻል። ሥራ የምታስቢ ከሆነ የፈቃዱን ፎርም እዚያው አስገቢ፤ ገደቡ በሳምንት 28 ሰዓት ነው። ማደሪያሽ በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ ኩያኩሾ (የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት በይው) ሄደሽ አድራሻሽን አስመዝግቢ፣ ካርዱ ጀርባ ላይ ይጽፉልሻል። በዚያው ቀን የጤና ኢንሹራንስ፤ ሕክምና ስትሄጂ 30 በመቶውን ብቻ ትከፍያለሽ። ገቢ እንደሌለሽ ካሳወቅሽ ወርሃዊ መዋጮው ይቀንሳል፣ ዝም ካልሽ ግን ቅናሹ ላይደርስሽ ይችላል። 20 ዓመት ከሞላሽ የጡረታ መዋጮም አለ፤ እዚያው ከክፍያው ነፃ የመሆኛ ማመልከቻ ጠይቂ።

ባንክ ላይ ተጠንቀቂ። ከገባሽ 6 ወር እስኪሞላሽ በውጭ ምንዛሪ ሕጉ «ነዋሪ ያልሆነ» ስለምትባዪ የሚመልሱሽ አሉ። የትኛው ባንክ የልውውጥ ተማሪ እንደሚቀበል የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳትጠይቂ አትሂጂ።

ፎርሞች ላይ ዓመት በንጉሥ ዘመን ሊጠየቅ ይችላል። 2019 ሬይዋ (የአሁኑ ንጉሥ ዘመን) 1 ስለሆነ 2018 ቀንሺ፤ ለልደትሽ ሄይሴይ (ከሱ በፊት የነበረው ዘመን) ነው፣ 1988 ቀንሺ፦ 2004 ሄይሴይ 16 ይሆናል። (የእኛና የፈረንጁ አንሶ ሦስተኛ ዘመን አቆጣጠር!)

ማሂ_ካንጂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለመምህር ኢሜይል ስጽፍ ከስሙ ቀጥሎ «ሳማ» (የአክብሮት መጠሪያ) ልበል?

የቆሎ_ተማሪ፦ አይሆንም፣ ስሙን ጽፈሽ «ሴንሴይ» (መምህር)። ርዕሱ ላይ የኮርሱን ስም፣ ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን፣ የተማሪ ቁጥርሽንና ስምሽን አስገቢ። ለምስጋና «ጎኩሮሳማ» (ስለ ድካምህ አመሰግናለሁ እንደማለት) እንዳትዪ ብቻ፤ እሱ አለቃ ለበታቹ የሚለው ነው።

ሻይ_በሎሚ፦ አንድ የረሳሁት፦ ስትመለሺም ኩያኩሾ ሄደሽ መልቀቅሽን አሳውቂ፣ ኢንሹራንሱንም ሰርዢ። ካልሰረዝሽው ክፍያው መቆጠሩን ይቀጥላል። ካርዱን ኤርፖርት ይበሱታል።