የእናቴ የዓይን ሞራ «ይብሰል» ተባለ፤ ልጠብቅ ወይስ ልውሰዳት?

የመሐል ሜዳዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ መንዝ መሐል ሜዳ ነው የምትኖረው። የግራ ዓይኗ ብሌን ነጭ ሆኗል። በሱ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምትለየው፣ ቀኙም እየደከመ ነው። እኔ የምሠራው ደብረ ብርሃን ስለሆነ ነገሩን ያየሁት ለበዓል ስሄድ ነው። ቡና ስትቀዳ ጣቷን ሲኒው ጠርዝ ላይ ታደርጋለች፣ ሙቀቱ ሲነካት ታቆማለች። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ነው የምትለኝ። አምና አንድ ክሊኒክ ወስደናት «ሞራው ገና ነው፣ ሲበስል አምጧት» ብለው መለሱን። አሁን ጎረቤት «የነጻ ሕክምና ዘመቻ ጠብቁ» ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ «አዲስ አበባ በሌዘር ይጠርጉላታል፣ መቀደድ የለውም» ይላል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ምን ላድርግ?

የዓይን ክፍል ነርስ
እህቴ፣ አትጠብቂ። «ይብሰል» የድሮ ነገር ነው። ድሮ ሌንሱ ከነከረጢቱ ይወጣና በምትኩ ምንም አይገባም ነበር፤ ታካሚው የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽር አድርጎ ነው ቀሪ ዘመኑን የሚኖረው። ስለዚህ ጨርሶ ማየት እስኪያቅተው መጠበቁ ትርጉም ነበረው። ዛሬ ሰው ሠራሽ ሌንስ አለ። የሚታየው የሞራው መብሰል ሳይሆን ሰውየው የዕለት ሥራውን መሥራት መቻሉ ነው። እናትሽ ሲኒ በጣት እየለኩ ከሆነ ጊዜው ደርሷል።

ሌዘሩን በተመለከተ፣ ሞራ በላዩ የተጋረደ ነገር አይደለም፣ ራሱ የዓይን ሌንስ ነው የደፈረሰው። ተጠርጎ አይጠፋም፣ መውጣት አለበት። ፋኮ በሚባለው በማሽን የሚሠራ ዘዴ ከሆነ ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ ተገብቶ ሌንሱ በድምፅ ሞገድ ይፈጭና ይመጠጣል። በእጅ ከሆነ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር መግቢያ ይከፈታል፣ ሌንሱ እንዳለ ይወጣል፣ መግቢያውም ራሱን ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ ስፌት አይፈልግም። «ፋኮ ካልሆነ አይሆንም» የሚል ሰው አትስሚ። እንደ እናትሽ ጨርሶ የነጣና የጠነከረ ሞራ በፋኮ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ኮርኒያውን፣ ማለትም የዓይንን ጥርት ያለ የፊት ክፍል፣ ሊጎዳ ይችላል። ኔፓል ውስጥ ሁለቱን አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ከ6 ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 በመቶው፣ መነጽር ለሚያስፈልገው ተስተካክሎ፣ ጥሩ ያይ ነበር። በእጅ የሚሠራው ግን ፈጣንና ርካሽ ሆኖ ተገኘ።

ምናልባት ወንድምሽ የሰማው ከኦፕሬሽን በኋላ ስለሚሠራው ሌዘር ይሆናል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዓይን ውስጥ የቀረው የሌንሱ ከረጢት ሊደፈርስ ይችላል፣ ያኔ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል። ብዙ ሰው «ሞራው ተመለሰ» ብሎ ይደነግጣል፣ አልተመለሰም።

የሸዋሮቢቷ
እኔ አክስቴን «ይብሰል» ብለን ጠብቀን ተጎድተናል። አንድ ሌሊት ዓይኗ ቀልቶ፣ ራሷን ይዛ፣ እያስመለሳት አደረች። ሐኪም ቤት ስንደርስ ከመጠን በላይ የበሰለው ሞራ ውስጡ ፈስሶ የዓይኗን ግፊት አንሮታል አሉን። ሞራው ወጣ፣ እይታው ግን አልተመለሰም። እባክሽ ዛሬ ነገ አትበይ።

መምህር ከአንኮበር
የኔ አባት ባለፈው ዓመት ተሠርተዋል። ማደንዘዣው በመርፌ ዓይናቸው አካባቢ ተሰጠ፣ ራሳቸውን ሳይስቱ ተኝተው እያወሩ ነው ያለቀው። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት የለበሱትን ጋቢ ነው። «ይሄን ያህል ነጭ ነው እንዴ?» አሉ። ደጋግመው ይዳስሱት ነበር። ሞራው ቢጫ ስለሚሆን ለዓመታት ነጩን ሁሉ ደፍርሶ ነበር የሚያዩት።

ሌንሱ ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። ሃሮልድ ሪድሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስባሪ ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎችን ሲያይ፣ ዓይን ያንን ፕላስቲክ እንደማይቆጣው ልብ አለ። ከዚያ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሌንስ አስገባ። በኋላም ኔፓልና ሕንድ ሌንሱን በርካሽ ማምረት ስለጀመሩ ነው ለኛ ዓይነቱ አገር የደረሰው።

ባለመነጽሩ
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ዕድሜዬ 19 ነው፣ መነጽሬ ማይነስ 5 ነው። እኔስ በሌዘር መላቀቅ እችላለሁ?

የዓይን ክፍል ነርስ
ወንድሜ፣ ያንተ ሌዘር ሌላ ነው፤ ኮርኒያ የሚባለውን ጥርት ያለ የፊት ክፍል ይቀርጻል። ቁጥርህ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቀየር መቆየት አለበት፣ ኮርኒያህም ይለካል፤ ስስ ከሆነ ወይም ወደ ፊት እየሾለ ከሆነ አይሠራም። ዓይንህን የሚያሳክክህና የምታሸው ከሆነ ቀድመህ ተናገር። ከተሠራህ ደግሞ የልኬት ወረቀትህን አትጣለው። ስታረጅ ሞራ ቢይዝህ የሌንስህን ቁጥር ለማስላት ይፈለጋል።

የመሐል ሜዳዋ፣ ዘመቻው መጥፎ አይደለም፣ ብዙ ሰው ብርሃን አይቶበታል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። የዓይናቸው ርዝመት ተለክቶ ነው ወይ ሌንሱ የሚመረጠው? ከኦፕሬሽኑ በኋላስ ማን ያያቸዋል? የግፊት መድኃኒቱን ከነካርቶኑ ይዘሽ ሂጂ፣ ስኳርም ይለኩ። እኛ አገር ብዙ አረጋውያን ላይ ሌንሱን የያዙት ክሮች የላሉ ናቸው፣ ብሌኑም በጠብታ አልሰፋ ይላል። ይሄ ለሐኪሙ ሥራውን ያከብድበታል፣ በምርመራ ቀድሞ ቢታወቅ ግን ይዘጋጅበታል።

የመሐል ሜዳዋ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሰኞ ይዣት ወደ ደብረ ብርሃን እመጣለሁ። ስደውልላት ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ስግደቴስ? ጸበሌስ?»

የዓይን ክፍል ነርስ
ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ማጎንበስ የለም፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። ጸበሉን ይጠጡ፣ ዓይናቸውን ግን ምንም ውኃ አይንካው። ጠብታው ሰዓቱ አይለፍ፣ ጠብታ የሚያደርግላቸውም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ሕመም ከጨመረ ወይም እይታ ከቀነሰ በዚያው ቀን ይምጡ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ዲያቆን ከደብረ ሲና
እናታችን አይጨነቁ። ለታመመ ሰው ስግደት ይቀርለታል፣ ቆመውም ተቀምጠውም ይጸልዩ። የንስሐ አባታቸውን አስቀድመሽ አናግሪያቸው፤ ከሳቸው አንደበት ሲሰሙት ልባቸው ያርፋል።