የኅዳር ሚካኤል በግ ይቅር ወይስ ይታረድ?

የማኅበሩ ጸሐፊ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን በሆዴ ይዤ ከምቆይ እዚሁ ላውጣው። ባለፈው፣ በየወሩ በ12 በሚካኤል ስም በምንጠጣው ማኅበራችን፣ አንድ እናት የመደገስ ተራቸው ሲደርስ «ለሌላ አሳልፉልኝ» ብለው ጽዋውን ሳይረከቡ ሄዱ። ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን አልተነፈሰም። ይሄ ማኅበር ሲጀመር ዳቦና ጠላ ነበር። ከዚያ ወጥ ተጨመረ፣ ከዚያ በግ፣ አሁንማ ቢራም ገብቷል። ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ ድግሱን ትተን ገንዘቡን ለተቸገረ ብንሰጥስ? ቅዱሳንን የምንዘክረው ክርስቶስን እንዴት እንደተከተሉት አይተን እኛም እንድንከተል ነው ወይስ በግ ለመብላት?

የማኅበሩ ሙሴ (ሰብሳቢው)፦ ልጄ፣ ቀስ በል። ማኅበሩን እኛ አልፈጠርነውም፣ ከአባቶቻችን ነው የተቀበልነው። ማቴዎስ 10 ላይ «ጻድቅንም በጻድቅ ስም የሚቀበል የጻድቁን ዋጋ ይወስዳል» ይላል። ገንዘብ በስልክ መላክ ጥሩ ነው፣ ማኅበር ግን አይሆንም። ሰው ከሰው ጋር በአንድ ጽዋ የሚጠጣበት ነው። አንተስ ከጎረቤትህ ጋር በአጥር ስትካሰሱ የታረቃችሁት የት ነበር? ደግሞ ኅዳር 12 በስንክሳር፣ በቅዱሳን ታሪክ መጽሐፉ፣ የሚነበበውን አትርሳ። ዱራታኦስና ሚስቱ ቴዎብስታ ረሃብ ገብቶ ያላቸው ሁሉ ሲያልቅባቸው ልብሳቸውን ሸጠው ለሚካኤል በዓል በግ ሊገዙ ተነሡ እንጂ «ዘንድሮስ ይቅርብን» አላሉም።

ጸሐፊው፦ አሁን አጥሩን ምን አመጣው ጋሼ?

እኅት ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ በጣም ነው የማከብርዎት፣ ግን ታሪኩን ይጨርሱት እንጂ። በጉን የፈለጉት ለማን ነበር? ለድሆች። እኛ ጋ የሚበላው ማነው? እኛው በእኛው፣ ሁላችንም ቤታችን ምሳ ያለን ሰዎች። ድሀው በር ላይ ቆሞ ትርፍራፊ ይጠብቃል። ጌታ ደግሞ በሉቃስ 14 «ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ድሆችንና ጉንድሾችን አንካሶችንም ዕውሮችንም ጥራ» ነው ያለው። ካነሳነው አይቀር ሌላም ልጨምር። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ እንጀራው፣ ወጡ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ድስቱ፣ ሁሉም የሴት ነው። ተራዬ የደረሰ ቀን ቅዳሴ ገብቼ አላውቅም። የሚካኤልን ቀን በማክበር ሰበብ ከሚካኤል ደጅ የምቀረው እኔ ነኝ። ይሄን ማንም አንስቶት አያውቅም።

ዲያቆኑ (ሐይቅ)፦ እኅቴ ልክ ነሽ። ጋሼም ማኅበሩ አይቅር ማለታቸው ልክ ነው፣ ስለ በጉ ግን አልስማማም። ዱራታኦስ በጉን ያገኘው ልብሱን ሸጦ አይደለም። ቅዱስ ሚካኤል በመስፍን መልክ ተገልጦ ዋስ ሆኖለት ነው። እኛ ሄደን የምንበደረው ከሰው ነው፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ስንገፋ እንከርማለን። ሰኔ 12 የሚነበበውንም እዩ። አፎምያ የምትባለውን ደግ ሴት ባሏ ሊሞት ሲል በየወሩ በ12፣ በ21 እና በ29 የምታደርገውን ምጽዋት እንዳታስታጉል ነው አደራ ያላት። ምጽዋት እኮ ነው የሚለው!

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከቅዱሳን ታሪክ የምንይዘው ተአምሩን ብቻ ነው። እዚህ ሐይቅ እስጢፋኖስ የነበሩትን አባ ኢየሱስ ሞአን ውሰዱ። ከደብረ ዳሞ በ13ኛው መቶ ዘመን መጥተው ምን ሠሩ? አስተማሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚሁ ከእሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። እኛ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲባል ትዝ የሚለን እግራቸው ነው፣ ተማሪ ሆነው ያሳለፉትን ዓመታት የሚያነሳ የለም። እንደ እሳቸው በአንድ እግር መቆም አንችልም፣ አንድ የአብነት ተማሪ ግን ማብላት እንችላለን።

ጸሐፊው፦ ግን እነሱ መነኮሳት ናቸው። እኛ ሱቅ አለን፣ ልጅ አለን፣ የቤት ኪራይ አለብን።

ዲያቆኑ፦ ዱራታኦስና ቴዎብስታ ባልና ሚስት ናቸው። ላሊበላና ይምርሃነ ክርስቶስ ደግሞ ንጉሥ ነበሩ፣ ያውም እዚሁ ላስታ ላይ። የቤት ኪራዩን ሰበብ አታድርገው ወንድምዓለም።

ጎረቤት (ደሴ)፦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በእምነታችሁ አልገባም። ግን ከናንተ ጋር ያደግሁ የሰፈር ልጅ ስለሆንኩ አንድ ያየሁትን ልበል። በልጅነታችን ማኅበር ሲኖር እኛም እንጠራ ነበር። ለኛ ለብቻው ቀሪቦ ይቀዳል፣ ሥጋ ካለም ሙስሊም ያርደውና በሌላ ድስት ይሠራል፣ ከሌለ ዳቦውን በልተን መርቀን እንወጣለን። ድግሱ እየተለቀ ሲመጣ የሚጠራው ሰው እያነሰ ሄደ። አሁን ሽታው ብቻ ነው በአጥር የሚመጣው፣ ወላሂ! እና ስለ በጉ ከመከራከራችሁ በፊት በሩን ማን ዘጋው ብላችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

እኅት ከኮምቦልቻ፦ ይሄን ከኛ መሀል አንድ ሰው ማለት ነበረበት። አፈርኩ።

ጸሐፊው፦ እሺ፣ ድግሱ ጭራሽ ይቅር ያልኩት ችኮላ ነው፣ አንስቻለሁ። ቢራው ግን ይውጣ፣ በዚህ አልደራደርም። እኚያ እናት ዳቦና ጠላ ብቻ አቅርበው ጽዋውን ይረከቡ፤ ማንም እንዳያፍርባቸው ከሳቸው በፊት ሁለት ሦስት አቅም ያለን ሰዎች እንደዚያው እናድርግ። እሳቸውን ነጥለን «እርስዎ ይቅለልልዎ» ካልናቸውማ የባሰ ነው።

ሙሴው፦ ስሙኝ። የኅዳር ሚካኤል ተራው የኔ ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ጾመ ነቢያት ይገባል፣ እኔም በጌን አርዳለሁ፣ በሽምግልናዬ አዲስ ሥርዓት አልለምድም። ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያሉትን ጠርቼ እነሱ ናቸው የሚቀመጡት። ማኅበርተኛው ቆሞ ያስተናግዳል። የተረፈ ካለ እንበላለን፣ ከሌለ ጽዋውን ጠጥተን ወደየቤታችን። ለጎረቤቶቻችንም በሌላ ድስት ይሠራል፣ አራጁን ከወዲሁ ንገሩልኝ።

ጎረቤት፦ አብሽር ጋሼ፣ አራጁ እኔ ነኝ።

እኅት ከኮምቦልቻ፦ ሸጋ ነው። ሁለቱን ድስት ማን ነው የሚያጥበው?

ሙሴው፦ ጸሐፊው አለ አይደል፣ ድግሱ ይቅር ያለው።