የፊት መብራት ጆሮ ተሰበረብኝ፣ ይጠገናል ወይስ ሙሉውን ልቀይር?

ባለያሪስ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሜክሲኮ አካባቢ ቆሜ አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ ሲመጣ ቀኝ ፊቴን ነካኝ። ፓራውልቱ ደህና ነው፣ የመብራቱ መስታወትም አልተነካም፤ መብራቱን ከመኪናው ጋር በቡሎን የሚያስሩት ከላይ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጆሮዎች ግን ከሥራቸው ተገንጥለዋል። አሁን ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ብርሃኑ ይዘላል፣ ማታ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት ያበራሁ እየመሰለው መብራቱን ያብለጨልጭብኛል። አንድ ጋራዥ በሱፐር ግሉ አጣብቀውልኝ ነበር፣ ወዲያው ለቀቀ። ምን ይሻለኛል? ቦሎም ደርሶብኛል።

የተራው ልጅ፦
ሶማሌ ተራ ሂድና ያገለገለ ፈልግ። ግን ስትገዛ መስታወቱን ብቻ አይተህ እንዳትከፍል፣ ገልብጠህ ጆሮዎቹን አንድ በአንድ እይ። አብዛኛው ከተጋጨ መኪና የወጣ ነው፣ ቀድሞ የሚሰበረው ደግሞ ጆሮው ነው።

ፕላስቲክ በያጅ፦
መስታወቱ ደህና ከሆነ ለምን ይጣላል? ይጠገናል። መጀመሪያ ከመብራቱ ቤት፣ ማለትም ከፕላስቲክ አካሉ፣ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፤ ብዙ ጊዜ ፒፒ (PP) የሚል ታገኛለህ፣ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ይህን ፕላስቲክ ሱፐር ግሉም ሆነ ተራ ኢፖክሲ አይዘውም፣ ለዚህ ነው የለቀቀብህ። የሚሻለው አቅልጦ መበየድ ነው፣ መሙያውም ራሱ ፒፒ መሆን አለበት። ከተጣለ የመብራት ቤት ላይ ተመሳሳይ ጽሑፍ ያለውን ቁራጭ ለምነህ በቀጭኑ ሰንጥቀው።

የድሮውን ሙጫ ሙልጭ አድርገህ ፋቅ፣ በአልኮል ጥረግ። ከዚያ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው፣ መብራቱን መኪናው ላይ በቦታው አስቀምጠህ የተሰበሩትን ጆሮዎች በቡሎናቸው እሰርና በካውያ ነጥብ ነጥብ አድርገህ እያቀለጥክ ብቻ ያዛቸው። ጠረጴዛ ላይ ከጨረስከው ቀዳዳው ትንሽ ይዛነፍና ስታጠብቀው እንደገና ይሰነጠቃል። ከያዘ በኋላ አውጥተህ ስንጥቁን በቪ ቅርጽ ቦርቡረው፣ በስታኞ ካውያ ከሁለቱም ወገን በይደው፣ የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ቆርጠህ እያሞቅህ ውስጡ ቅበርና ላዩን በፒፒ ሸፍነው። ፒፒ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ስለዚህ ከጨሰ የካውያው ሙቀት በዝቷል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ደግሞ አይዝም። መስኮት ክፈት።

ባለያሪስ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አንደኛው ጆሮ ግን ቁራጩ የለም፣ እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ፕላስቲክ በያጅ፦
ለአንዳንድ ሞዴሎች አምራቹ ራሱ መጠገኛ ጆሮ ይሸጣል፣ ጉቶውን ቆርጠህ በቪቴ የምታስረው፤ ለአንተ መኪና መኖሩን በሻንሲ ቁጥር አስጠይቅ። ከሌለ ከቀጭን አሉሚኒየም ቅረጽና ሰፊ ሮንዴላ አድርገህ እሰር። ቪቴው አጭር ይሁን፣ ቤቱን በስቶ ከገባ ውሃ ያስገባል። ወፍራም ብረት እንዳታደርግ፤ ድጋሚ ቢነካህ አሉሚኒየሙ ይታጠፋል፣ ብረቱ ግን ቤቱን ራሱን ይሰነጥቀዋል።

የሌሊት ሹፌር፦
ብርሃኑን ሳታስተካክል ቦሎ እንዳትሄድ። ሜዳ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቅ፣ የመብራቱን መሃል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርግና አጭር መብራት አብራ። የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ከምልክቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከጀርባ ያለውን ማስተካከያ በካቻቢቴ ቀስ እያልክ አዙር። ጎማዎችህን ቀድመህ አስነፋ፣ አንዱ ከጎደለ ልኬቱ ይሳሳታል።