የቢሮው ግድግዳ ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

መነሻ፦ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ክፍሎች አፍርሶ ሁሉንም በመስታወት በተከፋፈለ አዳራሽ ሊያስቀምጥ ነው። ይህ ሠራተኛውን ያተጋዋል ወይስ ያሸማቅቀዋል?

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጊዜ የእኛም ክፍል ፈርሶ ነበር። ወር ሳይሞላ ሁላችንም በጠረጴዛችን ዳር ቦክስ ፋይል ደርድረን ትከሻ የሚደርስ አጥር አበጀን፤ መስታወቱ ላይም ያለፈ ዓመት ካላንደር ለጠፍንበት። ማንም አልመከረበትም፣ አድማም አልነበረም። ሰው ከጀርባው ማን እንደሚያየው ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጥ፣ መሥራቱን ትቶ የሚሠራ መምሰልን ይለምዳል።

ባለጉዳይ፦ እኅቴ፣ እኔ ደግሞ በዝግ በር ፊት የቆምኩ ነጋዴ ነኝ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ለአንድ ፊርማ በሳምንት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። በአንድ መስኮት አገልግሎት ግን ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በዓይኔ አየሁ። ለእናንተ ክብር የሆነው ግድግዳ ለእኛ መጉላላት ነው።

አርክቴክት፦ ለባለጉዳዩ መታየት ያለበት የጉዳዩ አካሄድ እንጂ የሠራተኛዋ ጀርባ አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1791 ያሳተመው የእስር ቤት ንድፍ ጉልበቱ ሁሉ ያለው እስረኛው እየታየ ጠባቂው ባለመታየቱ ላይ ነበር፤ ለኃላፊው ብቻ አመቺ የሆነ የመስታወት አዳራሽም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አሜሪካዊው ንድፍ አውጪ ሮበርት ፕሮፕስት እ.ኤ.አ. በ1968 ለቢሮ ዕቃ አምራቹ ኸርማን ሚለር ያወጣው ተገጣጣሚ መከፋፈያ፣ ሠራተኛው እንደ ሥራው ጠባይ እንዲያዛውረው የታሰበ ቢሆንም፣ ቦታ መቆጠብ በፈለጉ አሠሪዎች እጅ ጠባብ ሣጥን ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ወደ ክፍት አዳራሽ ሲዛወሩ የሠራተኞቻቸው የፊት ለፊት ንግግር 70 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። የእኛን ከተማ የመጋቢት ሙቀት በመስታወት ውስጥ መቀበል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰፊ በረንዳና ጥላ ይሻለን ነበር።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ የፈረሰው የእኛ ግድግዳ ብቻ ነው። የኃላፊው ክፍል ከነመጋረጃው፣ በጣና በኩል ከሚከፈተው መስኮቱ ጋር፣ እንዳለ ቆየ።

ባለጉዳይ፦ እኔን ያመላለሰኝም የዚያ ክፍል ፊርማ ነበር። እንዲህ ከሆነ ማፍረሱ ከዚያ ይጀመር፤ የእናንተን ቦክስ ፋይል አልነካም።